መጣ!

ምናለሽ ተራ ነው ነገሩ የጀመረው፤
ኑርሁሴን ከቁራሌው ክምር ለይቶ ያስቀረው
የላፕቶፕ ባትሪ፣ ሆዱን በመዶሻ ፈልቅቆ
አሳየኝ፦ ስድስት ሴል፣ እንደ ጥይት ተሰድሮ፣ ተጣብቆ።

«ሞቷል» አለኝ። «በኪሎ ነው የምሸጠው።»
መልቲሜትሬን አወጣሁ። አንዱን ሴል ጫፍና ጫፉን ስነካው
ሁለት ነጥብ ዘጠኝ!
ዝም አልኩ፤ ፊቴ ዋጋ እንዳያስጨምረኝ።
ሬሳ ቮልት የለውም፤ ይኼ ደክሞት ነው የተኛ፣
እንደኔው፣ በወር መጨረሻ፣ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ።

ሦስት ኪሎ ገዛሁ። በፌስታል አንጠልጥዬ
እሪ በከንቱን ወረድኩ፣ አንዳች ሀብት ያገኘሁ መስዬ።

ወር ሙሉ አልጋ ስር ስደረድር፣
ስለካ፣ ስሞላ፣ ስመዘግብ በልጄ ደብተር፦
ይኼ ይይዛል፣ ይኼ ያፈሳል፣ ይኼ ይግላል፣ ውጣ!
ጥሩዓለም ከበሩ ላይ፦ «ቤቱን ያቃጠልክ ቀን እኔን ብለህ እንዳትመጣ!»

እውነቷን ነበር። አንድ ሌሊት ሽቦ ከሽቦ ነክቶ
ጭስ ተነሣ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ጓዳውን ሞልቶ።
አሸዋ በባልዲ ነበረኝ፤ ያን ያህል እንኳ አውቃለሁ።
የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ዛሬም ጥቁር ነው፤ አየዋለሁ።
ከዚያ ወዲያ ፊውዝ። ለእያንዳንዱ ሴል። ቀጭን፣ እንደ ፀጉር።
ጥበብ ማለት ለካ ከመበየድ በፊት መቁጠር።

ፓኔሉን የሰጠኝ ጋሽ በረደድ ነው፤
ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ከፈረሰ ሱቅ ጣራ ላይ የነቀለው።
ቆርቆሮው ላይ አሰርኩት፣ በአሮጌ ቁምሳጥን ብረት፤
ፊቱን ወደ ደቡብ። ለእንጦጦ ጀርባውን ሰጠሁት።
ፀሐይ ቆጣሪ የላትም፤ ካርድ ሙላ ብላ አታስፈራራም፤
ሐምሌ ላይ ካኮረፈች ግን ደውለህ አቤት አትልም።

እና ያ ማክሰኞ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል።
ሰፈሩ እልም ሲል
ሪሌዋ «ቀጭ» አለች። በቃ።
አምፖሉ አልተርገበገበም። ጥሩዓለም ሽንኩርቷን ከትፋ ሳታበቃ
ከተማው ጠፍቶ ነበር፤ እሷ ግን አላወቀች፣
«ኧረ ጨው አቀብለኝ» አለች።

ደረቴን ነፍቼ ደጅ ወጣሁ፤
ቁልቁል እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ጨለማውን አየሁ።
የኔ መስኮት ብቻ። አፈርኩ ልበል፣ ኮራሁ?
ሁለቱም በአንድ ሽቦ እንደሚሄዱ ያኔ አወቅሁ።

እትዬ ይርገዱ መጡ፣ ሦስት ስልክ በነጠላቸው ቋጥረው።
ተከራዩ ናሆም መጣ፤ ፈተናው ነገ ነው።
ፀጉር አስተካካዩ ዘነበ፣ መቁረጫ ማሽኑን ታቅፎ፣
ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ከኋላው አሰልፎ።
ቮልቱ እየወረደ ነው፣ ወደ ዐሥር፤
ግን ግማሽ ራስ ያለውን ሰው በምን አንጀቴ ልመልስ ከበር?

ሦስት ሰዓት ሲሆን ድንገት፣ ከየቆርቆሮው ስር፣
ከመኝታው የተነሣ ልጅ፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ሳይቀር፦
«መጣ!»
«መጣ! መጣ!»
እሪ በከንቱ እሪ አለ፤ ያን ምሽት በከንቱ አልነበረም።
ሰው በጩኸት ቻርጅ ይደረጋል ለካ፤ መልቲሜትሬ ይህን አያነብም።

ልጄ ልዕልና እርሳሷን አስቀመጠች።
«አባ፣ ምንድነው የመጣው?» አለች።
«መብራት።»
«የት ሄዶ ነበር?»

መልስ አጣሁ። ሪሌዋ «ቀጭ» ብላ ተመለሰች።
ያቺ የደጅ ደስታ፣ ሁሉን ቤት አንኳኩታ፣ እኛጋ አልደረሰች።

አሁን አሁን ሲጠፋ፣ እስከ ዘነበ በር ገመድ እዘረጋለሁ፤
የናሆምን መብራት፣ የእትዬ ይርገዱን ስልክ እሰካለሁ።
ከዚያ የኛን አምፖል ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ አጠፋለሁ።
«ተበላሸ?» ትለኛለች ጥሩዓለም።
«ሴሎቹ ይረፉ ብዬ ነው።» አታምነኝም።
ጨለማው ውስጥ እንቀመጣለን፣ ሦስታችን፣ ትከሻ ለትከሻ።
አንዳንዴ ይመጣል። አንዳንዴ እንቅልፍ ይቀድመናል በስተመጨረሻ።
ልዕልና ግን አትተኛም፤
ከንፈሯን ገጥማ
«መ» ላይ ትጠብቃለች።